የመኪና መብራት አጠቃቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሽከርካሪዎች ስለ መብራት ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን ወደ አከራካሪው እየሄድን እንመልሳለን።

መብራት ማብራት ያለብኝ መቼ ነው?

ጀምበር ስትጠልቅ አብሩ፤ በደንብ እስኪነጋም አታጥፉ። ብዙ ሰው "እስካሁን መንገዱ ይታየኛል" እያለ ይዘገያል። እናንተ ግን ማየት ብቻ ሳይሆን መታየትም አለባችሁ። ግራጫ ወይም ጥቁር መኪና አመሻሽ ላይ ከአስፋልቱ ጋር ይመሳሰላል። መንገድ ሊሻገር የቆመ እግረኛ መብራት ያላበራውን መኪና የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው።

ቀንም ቢሆን ከባድ ዝናብ፣ ጭጋግ፣ አቧራ ወይም ጭስ ካለ ይበራል። ዋሻ ውስጥም እንዲሁ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1977 መኪና ሁሉ ቀንም መብራት አብርቶ እንዲሄድ በሕግ ያዘዘችው መኪና ከሩቅ ሲታይ ግጭት ይቀንሳል ብላ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2011 ጀምሮ ለአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ሞተር ሲነሳ ራሱ የሚበራ የቀን መብራትን ግዴታ አድርጓል። "ላብራ ወይስ ልተወው?" ብላችሁ ካመነታችሁ አብሩት።

የአጭርና የረጅም መብራት ልዩነቱ ምንድን ነው?

አጭር መብራት ወደ መሬት ያዘነበለ ነው። እንደ መኪናው ከ40 እስከ 60 ሜትር ገደማ ያሳያል። ወደ ላይ የሚሄደው ብርሃን ከፊት በሚመጣ ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ሆን ተብሎ ይቆረጣል። ረጅም መብራት ይህ ገደብ የለውም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከ100 ሜትር በላይም ያሳያል። ሲበራ ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊ ምልክት ይወጣል። ይቺን ሰማያዊ ምልክት አየት ማድረግ ልማዳችሁ ይሁን። ረጅም መብራት እንደለቀቁ ሳያውቁት ከተማ ውስጥ የሚዞሩ ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ የፍጥነት ነገር አብሮ ይነሳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ንቁ አሽከርካሪ ይዞት እንኳ፣ እስኪቆም ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል። በ100 ከሆነ 75 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ በአጭር መብራት በ100 የሚነዳ ሰው መብራቱ ከሚያሳየው ርቀት ውስጥ መቆም አይችልም። ተበላሽቶ የቆመ መኪና ከፊቱ ቢያጋጥመው ያየዋል፤ ግን ሳይገጨው አይቆምም።

በፓርኪንግ መብራት ብቻ መንዳት ይቻላል?

ሲመሽ አይሆንም። ይህች ትንሽ መብራት የተሠራችው ለቆመ መኪና ነው። መንገድ አታሳይም፤ ከሩቅም ጎልታ አትታይም። ባትሪ ለመቆጠብ ብለው የሚያደርጉት አሉ። ሞተሩ ሲሠራ ግን መብራቱን የሚያንቀሳቅሰውም ባትሪውን የሚሞላውም ዲናሞው ነው። የሚቆጠብ ባትሪ የለም።

ረጅሙን ወደ አጭር የምመልሰው ስንት ሜትር ሲቀር ነው?

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ 500 ጫማ ይላል፤ ወደ 150 ሜትር ማለት ነው። ይህ ግን ትንሹ ነው። ሁለት መኪኖች እያንዳንዳቸው በ80 ሲመጡ 150 ሜትሩ ሦስት ሰከንድ ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። ስለዚህ ሜትር ስትገምቱ አትቆዩ። የሚመጣውን መኪና መብራት እንዳያችሁ መልሱ። ዳገት ጫፍ ወይም ኩርባ ላይ ደግሞ ከዚያም ቀደም በሉ። ከማዶ ያለው ዛፍ ወይም የመንገድ ዳር ግንብ ሲበራ ካያችሁ ሰው እየመጣ ነው፤ ፊት ለፊት እስክትገናኙ አትጠብቁ። በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር ደግሞ ወደ ቀኝ የሚዞር ኩርባ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስትዞሩ ብርሃናችሁ የተቃራኒውን ረድፍ ጠርጎ ስለሚያልፍ ነው።

ሰው ስትከተሉም አጭሩን ያዙ። ረጅሙ በስፖኪዮ በኩል ገብቶ የፊተኛውን ዓይን ያጠፋዋል። እናንተን ለሚቀድም መኪና ግን ጎናችሁ እስኪደርስ ድረስ የእናንተ ረጅም መብራት መንገድ ያሳየዋል። ልክ ሲያልፋችሁ መልሱት።

ለመኪና ብቻ አይደለም የሚቀነሰው። እግረኛና ባለ ብስክሌትም ዓይን አላቸው። መኪና ስላልያዙ ብቻ ረጅም መብራት ሲለቀቅባቸው ማየት በጣም ያሳዝናል። ጠርዝ ላይ ያለውን ጉድጓድና ቦይ ማየት ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው።

ከፊት የሚመጣው ረጅሙን አልመልስ ካለስ?

አንዴ ብልጭ አድርጋችሁ አስታውሱት። ረስቶት ሊሆን ይችላል። ካልሰማ ተዉት። "ቆይ አሳየዋለሁ" ብሎ ረጅሙን መልሶ መልቀቅ መንገድ ላይ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ እጅግ ክፉው ነው። እስካሁን የማያየው አንድ አሽከርካሪ ነበር። አሁን ሁለት አሽከርካሪዎች ሳያዩ ሊተላለፉ ነው።

ፍጥነት ቀንሱ። ዓይናችሁን ከመብራቱ አንሱና በራሳችሁ በኩል ያለውን የመንገድ ጠርዝ ወይም ነጩን መስመር ተከተሉ። ምንም የማይታያችሁ ከሆነ ፍሬቻ አሳይታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ። ድንገት መሃል ላይ ግን አትቁሙ፤ ከኋላ ያለው ሰውም በዚያው መብራት ዓይኑ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ካለፋችሁም በኋላ ቶሎ አትፍጠኑ። የዓይን ብሌን በብርሃኑ ጠቦ ነበር፤ እስኪሰፋ ጊዜ ይፈልጋል። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። መንገዱን ለመለየት ያህል ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል። ግን ሦስት ሰከንድ ብቻ ቢሆን እንኳ በ80 ፍጥነት 66 ሜትር ተጉዛችኋል። ዕድሜው ለገፋ፣ በተለይ የዓይን ሞራ ለጀመረው ሰው ደግሞ ጊዜው ይረዝማል።

ሁለታችንም አጭር መብራት ይዘን ስንተላለፍ እግረኛ ለምን ይጠፋብኛል?

ትክክል አይታችኋል፤ በእርግጥም ይጠፋል። ሁለት መኪና ሲቀራረብ ከፊት የሚመጣው ብርሃን ዓይናችሁ ውስጥ ይበተንና ከጎኑ ያለውን ደብዛዛ ነገር ሁሉ ይሸፍነዋል። መሃል መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ ሰው እዚያ ውስጥ ይገባል። አስፈሪው ነገር እሱ ይህን አለማወቁ ነው። ሁለት መኪና እያበራበት ስለሆነ "መቼም ያዩኛል" ብሎ ያስባል።

መፍትሔው ከመተላለፋችሁ በፊት እግርን ከነዳጁ ማንሳት ነው። መብራቱ ካለፈ በኋላ ያለውን ጨለማ ባዶ ነው ብላችሁ አታስቡ። እግረኛ ከሆናችሁ ደግሞ ነጣ ያለ ወይም የሚያንጸባርቅ ልብስ ያግዛል፤ ከሁሉም በላይ ግን መሃል ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ።

የኋለኛው መኪና መብራት ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ምን ላድርግ?

የውስጡ ስፖኪዮ ከሥሩ ትንሽ መቀልበሻ አለችው። ስትቀለብሷት መስታወቱ ይዞርና ብርሃኑ ይደበዝዛል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ራሱ ይደበዝዛል። ካልበቃ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። ተናዶ ፍሬን እየነካኩ ማስደንገጥ ግን ከኋላ ያስገጫል።

የፊት መስታወታችሁንም እዩት። ውስጠኛው ገጽ ላይ የሚጋገረው ስስ ቅባት ቀን አይታይም። ማታ ግን እያንዳንዱን መብራት አስፍቶ ያበትነዋል። ብዙ ሰው ውጭውን ያጥብና ውስጡን ይረሳዋል።

ጭጋግ ውስጥ የትኛው መብራት ይሻላል?

አጭሩ። ረጅሙን ስትለቁ ብርሃኑ አየር ላይ የተንጠለጠሉት የውሃ ጠብታዎች ላይ ያርፍና ወደ እናንተው ይመለሳል። ፊታችሁ ነጭ መጋረጃ የተዘረጋ ይመስላል። የፊት የጭጋግ መብራት ካላችሁ ጨምሩት። እሱ ዝቅ ብሎ ስለሚገጠምና ብርሃኑ ወደ ጎን ስለሚሰፋ የመንገዱን ጠርዝ ያሳያል፤ ሩቅ ግን አያሳይም። ስለዚህ ፍጥነቱ ይቀነስ።

የጭጋግ መብራቴን ሁልጊዜ ባበራውስ?

የኋላው ቀይ የጭጋግ መብራት በተለይ እንዲህ መደረግ የለበትም። ድምቀቱ ከፍሬን መብራት ጋር ይቀራረባል። ጥርት ባለ ሌሊት ከበራ ከኋላ ያለውን ሰው ያደክማል፤ ፍሬን ስትይዙም ልዩነቱ አይታወቀውም። በጀርመን ይህን መብራት ማብራት የሚፈቀደው ጭጋጉ እይታን ከ50 ሜትር በታች ሲያወርደው ነው። በብሪታንያ ደግሞ መለኪያው 100 ሜትር ነው። ጭጋጉ ሲገለጥ ማጥፋት አትርሱ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ምልክቱ ያስታውሳችኋል።

ማብሪያውን "አውቶ" ላይ ካደረግኩት ራሱ ያስተካክል የለም?

ማታ አዎ። ቀን ግን አትመኑት። በብዙ መኪኖች ያ መሣሪያ የሚለካው የብርሃን መጠንን ነው። ነጭ ጭጋግ ወይም የቀን ዝናብ ለእሱ "ብርሃን አለ" ማለት ነው። ስለዚህ አያበራም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የቀን መብራት በብዙ መኪኖች የሚበራው ከፊት ብቻ ነው። ከኋላ ምንም የለም። ዳሽቦርዱ ቁልፉ እንደዞረ ደምቆ ስለሚበራ አሽከርካሪው መብራቱ ሁሉ የበራ ይመስለዋል። እንዲህ ሆኖ ዝናብ ውስጥ፣ አንዳንዴም ጭልጥ ባለ ጨለማ፣ ኋላው ሳይታይ የሚሄድ መኪና ታገኛላችሁ። ካያችሁት በአክብሮት አሳውቁት። የራሳችሁን ደግሞ አንድ ቀን አቁማችሁ፣ ወርዳችሁ፣ ኋላውን አረጋግጡ።

ፍሬቻ ማብራት ያለብኝ መቼ ነው?

ፍሬን ከመያዛችሁ በፊት። መሪ እየጠመዘዙ ፍሬቻ ማብራት ለማንም አይጠቅምም፤ መታጠፋችሁን ሰው አይቶታል። ፍሬቻ የሚናገረው ሊሆን ያለውን ነው። ካበራችሁ በኋላም ስፖኪዮ ተመልከቱ። ፍሬቻ ቅድሚያ አይሰጥም፤ ሐሳብን ብቻ ያሳውቃል።

ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል። ድንገት ከወትሮው ፈጥኖ "ቲክ ቲክ ቲክ" ካለ ባብዛኛው አንዱ አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነው።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥታ ለመሄድ ሀዛርድ ማብራት ትክክል ነው?

ስህተት ነው። ግን በብዙ ቦታ የተለመደ ስለሆነ ምክንያቱን መናገር ያስፈልጋል። አራቱም ፍሬቻ ሲበራ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ሁለቱን ጎን ያያል። ከግራ መንገድ የሚመጣው ግን የሚታየው የግራ ጎናችሁ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ወደ ግራ ልትታጠፉ ነው። ከቀኝ የሚመጣው ደግሞ ወደ ቀኝ ልትታጠፉ ነው ብሎ ይገባል። እናንተ ቀጥታ ትመጣላችሁ። ቀጥታ የሚሄድ ሰው ምንም አያበራም፤ ምንም አለማብራቱ ራሱ ምልክቱ ነው።

ዝናብ ሲበረታ ሀዛርድ አብርቶ መንዳትም ተመሳሳይ ችግር አለው። በብዙ መኪኖች ሀዛርድ በርቶ ሳለ ፍሬቻ አይለይም። ረድፍ ስትቀይሩ ማንም አያውቅም። እየሄዳችሁ ነው ወይስ ቆማችኋል የሚለውም ግራ ያጋባል። ሀዛርድ የተሠራው መንገድ ላይ ለቆመ፣ ለተበላሸ ወይም አደጋ ለደረሰበት መኪና ነው። ፈጣን መንገድ ላይ ከፊት መኪኖች ድንገት ሲቆሙ የኋለኛውን ለአፍታ ለማስጠንቀቅ በአንዳንድ አገሮች ይፈቀዳል። እሱ ተገቢ ነው፤ ሕይወትም ያተርፋል።

መብራት ብልጭ የሚያደርግልኝ ሰው ምን እያለኝ ነው?

"እዚህ ነኝ" ከማለት ያለፈ ትርጉም እንደሌለው ቁጠሩት። አንዱ "እለፍ" ሲል ብልጭ ያደርጋል፤ ሌላው "እኔ እያለፍኩ ነው፣ ቁም" ሲል። ሦስተኛው መብራታችሁ እንዳልበራ ሊነግራችሁ ነው። ሁለት ሰው ተቃራኒውን ተረድቶ እኩል ቢገባ ውጤቱ ግልጽ ነው። ስለዚህ ብልጭታ አይታችሁ ብቻ አትግቡ። መኪናው በእርግጥ መቆሙን እዩ፤ ከጎኑ ሌላ ሰው እየመጣ አለመሆኑንም አረጋግጡ።

መንገድ የምትለቁለት ሰው ካለ ደግሞ ቁሙለት። መቆም ማንም የማይሳሳተው ምልክት ነው።

ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ፍሬቻ ካሳየኝ ልቅደመው?

ይህ ትልቅ አደጋ ያለበት ልማድ ነው። በአንዳንድ አካባቢ የቀኝ ፍሬቻ "እለፍ"፣ የግራው "ቆይ" ማለት ነው። በሌላ አካባቢ ተገላብጦ ይሠራበታል። በዚያ ላይ ሾፌሩ በእውነት ሊታጠፍ ይሆናል። በግራ ፍሬቻ "እለፍ" መስሏችሁ ስትገቡ እሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጎኑ ላይ ትገኛላችሁ።

የሾፌሩ በጎነት አይካድም። ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ እናንተ የማታዩትን ያያል። ግን የእናንተን መኪና ጉልበት አያውቅም፤ ለማለፍ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባችሁም አያውቅም። ምልክቱን እንደ ፍንጭ ውሰዱት። ፊታችሁ ያለው መንገድ በራሳችሁ ዓይን ካልታያችሁ ግን አትቅደሙ።

ማታ መንገድ ዳር ስቆም፣ ወይም ሰልፍ ውስጥ ስጠብቅ መብራቱን ምን ላድርገው?

ዳር ስትቆሙ የግንባር መብራቱን አጥፉና ፓርኪንጉን አብሩ። በተለይ ከሚመጣው መኪና ጋር ፊት ለፊት ቆማችሁ አጭሩን እንኳ አብርታችሁ አትተዉት። የሚመጣው ሰው መንገዱ በየት በኩል እንደሚሄድ ይጠፋበታል። የተበላሸ መኪና ከሆነ ሀዛርድና አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ይጨመሩ።

ሰልፍ ውስጥ ደግሞ ቆይታው ረዘም ካለና ከኋላችሁ ሌላ መኪና ከቆመ የእጅ ፍሬን ሳቡና እግራችሁን ከፍሬኑ አንሱ። የፍሬን መብራት ቅርብ ላለ ዓይን ከባድ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ የኋለኛው ግን ይገላገላል።

አምፖሉን በኤልኢዲ ብቀይረው የተሻለ አላይም?

ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። በሃሎጅን አምፖል ውስጥ ብርሃን የምትሰጠው ሚሊሜትሮች ብቻ ርዝመት ያላት ቀጭን ሽቦ ናት። ከኋላዋ ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው በትክክል ለዚያች ነጥብ ነው። ኤልኢዲው ብርሃኑን ከሌላ ቅርጽና ከሌላ ቦታ ያወጣል። አንጸባራቂው ልኩ ይዛባበታል፤ የአጭር መብራት መቁረጫ መስመር ይደበዝዛል። ብርሃኑ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይረጫል። በብዙ አገሮች የማይፈቀደውም ለዚህ ነው።

እናንተም የምታተርፉት ከሚመስላችሁ ያነሰ ነው። ከመኪናው አጠገብ ያለው አስፋልት በጣም ሲነጣ ዓይናችሁ ለእሱ ይጠብና ሩቁ ይበልጥ ይጨልማል። ፋብሪካው ራሱ ኤልኢዲ አድርጎ የሠራው መብራት ግን ሌላ ነው፤ አንጸባራቂውም ሌንሱም አብሮ ለእሱ ተሠርቷል።

መብራታችሁ ደክሞ ከሆነ መጀመሪያ ሌንሱን እዩ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ከደበዘዘ ምንም አምፖል አያድነውም። ይወለወል ወይም ይቀየር። ከዚያ ጥራት ያለው ሃሎጅን አስገቡበት፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። አንድ ዓይና ሆኖ የሚሄድ መኪና ከሩቅ ሞተር ሳይክል ይመስላል።

አጭሩን ይዤ እየነዳሁ ሰዎች "ረጅሙን መልስ" ብለው ብልጭ የሚያደርጉብኝ ለምንድን ነው?

እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። መብራታችሁ ወደ ላይ ተነስቷል። አንዲት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብትል 50 ሜትር ላይ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ትወጣለች፤ ያ የሚመጣው ሾፌር ዓይን ጋ ነው። አንዱ ምክንያት ጭነት ነው። ኋላው ሲከብድ አፍንጫው ይነሳል። ብዙ መኪኖች በመሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት መዞሪያ አላቸው። ጭነት ሲኖር ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ መብራቱ ዝቅ ይላል። ጭነቱን ስታራግፉ ወደ 0 መልሱት። ሌላው ምክንያት ከግጭት ወይም ከአምፖል ቅያሪ በኋላ ልኩን ሳይጠብቅ መቅረቱ ነው።

ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ጎማውን ሞልታችሁ፣ ሜዳ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ አቁሙ። አጭሩን አብሩ። ብርሃኑ የሚቆረጥበት መስመር ከመብራቱ መሃል ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። እኩል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጋራዥ ውሰዱት፤ በመሣሪያ ያስተካክሉታል።

መኪናዬ የመጣው በግራ በኩል ከሚነዳበት አገር ነው። መብራቱ ችግር አለው?

አለው፤ መሪው ቢዛወርም እንኳ። የአጭር መብራት ቅርጽ ሁለቱ ጎን እኩል አይደለም። በሚመጣው መኪና በኩል ዝቅ ይላል። በመንገዱ ዳር በኩል ደግሞ እግረኛና ምልክት እንዲታይ ወደ ላይ ይወጣል። በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራው የሚወጣው ወደ ግራ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ግራው የሚመጣው ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ እያንዳንዱን ሰው ዓይኑ ላይ ታበራላችሁ፤ በራሳችሁ ዳር ያለው እግረኛም አይታያችሁም።

የግድግዳው ሙከራ ይህንንም ያሳያል። መስመሩ በየት በኩል ከፍ እንደሚል እዩ። ወደ መንገዱ መሃል በኩል ከፍ ካለ የተሳሳተ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መብራቶች አቅጣጫ መቀየሪያ ስላላቸው የመኪናውን መመሪያ ተመልከቱ። ለአጭር ጉዞ ሌንሱ ላይ የሚለጠፍ መሸፈኛ ይበቃል። መኪናው እዚያው አገር የሚቆይ ከሆነ ግን የመብራቱ ሙሉ አካል ለአገሩ አነዳድ በተሠራ ይቀየር፤ ዝቅ አድርጎ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ የራሳችሁን እይታ ያሳጥርባችኋል። ሲቀየር ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፤ ከዚያ ግድግዳው ፊት አቁማችሁ ልኩን እንደገና እዩት።